ቡናዋ የጣፈጠባት ልጅ

እኛ አረብ አገር በሄድንበት ዘመን ቡና ተምሮ የሚሄድ ሰው አልነበረም። ማን ያስተምራል? ከእናታችን ጓዳ የወጣነው ቡና እያፈላን አይደለም እንዴ፣ እንዲያ ነበር የምንለው። ታዲያ እናትሽ ትናንት መጣችና «እማማ ሐዋ፣ ልጄን ልላክልዎት፣ የአረቦቹን ቡና ያሳዩልኝ፣ ፓስፖርቷ እስኪወጣ ድረስ ትልመድ» አለችኝ፣ እና እሺ አልኳት። ምን ልበላት? ተቀመጪ። እዚያ አይደለም፣ እዚህ፣ ከበሩ ራቅ በይ፣ የመኪናው አቧራ ይገባብሻል። ስልክሽን ክፈቺና በርጩማው ላይ አስቀምጪው፣ ድምፄን ይቅዳ፣ ኋላ ትጽፊዋለሽ። አንቺ እንደሆንሽ አፍ አውጥተሽ አትጠይቂኝም፣ አውቅሻለሁ።

ይሄ ታደሰ ነው። ሹፌር ነው፣ ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ራዲያተሩ ተበስቶበት መኪናው ጋራዥ ገብቷል፣ እና እስኪሠራለት እኔ ቤት ቁጭ ብሎ ያላዝናል።

«አላላዝንም፣ እማማ። ቡና ነው የምጠብቀው» አለ ታደሰ። «ከጠዋት ጀምሮ ይፈላል ይሉኛል፣ ገና ከሰሉም አልተያያዘ።»

ትጠጣለህ፣ ጠብቅ። ዛሬ የምታፈላው እሷ ናት።

ታዲያ እኔ ጅዳ ስገባ ገና ወጣት ነኝ፣ ባሌ ሞቶ፣ ከድጃን ጡት አስጥዬ ለእናቴ ሰጥቼ ነው የሄድኩት። ከድጃ ልጄ ናት፣ አንቺ አልደረስሽባትም፣ አንዲት ልጄ ናት። እና የገባሁበት ቤት እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነው። መጀመሪያ ቀን እንግዶች መጡና የቤቱ ባለቤት እናት «ቡና ቅጂ» አለችኝ። ቡናቸው ደግሞ ቡና አይመስልም እኮ ልጄ፣ አጥቁረው አይቆሉትም፣ ገና ገርጣ እንዳለ ያወርዱታል፣ ሄል በላይ በላዩ ይጨምሩበታል፣ እና ሲቀዳ ቢጫ ነው፣ ስኳር የለው፣ በቴምር ነው የሚጠጣው። እኔ እንግዲህ የወሎ ልጅ ነኝ፣ እኛ ቤት ለእንግዳ ስኒ ጎድሎ ይሰጣል ወይ? ነውር ነው። ታዲያ ሞላሁት፣ እስከ አፉ ሞላሁትና ለትልቁ ሰውዬ ሰጠሁት። ሰውዬው ስኒውን አየት አደረገ፣ አስቀመጠው፣ ጀለቢያውን ሰብሰብ አድርጎ ተነሳ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሽንት ቤት ሊሄድ መስሎኛል። አሮጊቷ መጣችና እጄን ቆነጠጠችኝ፣ «ያ ሐዋ፣ ሰውዬውን ከቤቴ ታባርሪያለሽ ወይ?» ለካ እነሱ ዘንድ ስኒ መሙላት ጠጣና ሂድልን ማለት ነው። ከሥሩ ብቻ ነው የሚቀዳው፣ እና ቆመሽ ትጠብቂያለሽ፣ ሲጨርስ ትደግሚያለሽ፣ ሲጨርስ ትደግሚያለሽ፣ በቃኝ ሲል ስኒውን በጣቱ እንዲህ፣ እንዲህ ወዝወዝ ያደርገዋል። ካልወዘወዘ አትሄጂም።

«እኛ ጋ ከሥሩ ብቻ ቢቀዳ ሰው ይኮራረፍ ነበር» አለ ታደሰ።

ይኮራረፍ ነበር። ታዲያ እኔ ሲቆነጥጡኝ ለመድኩት፣ ለመድኩትና ቤቱ ወደደኝ፣ እና ከዚያ ወዲያ ማንም አልቆነጠጠኝም። ይቺን ነገር ያዢልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። ቡና ሲሆንልኝ መቆንጠጡ ቀረ፣ እና እኔ ይቺን እንደ ትልቅ እውቀት ይዤ ወደ ሀገሬ መጣሁ።

መጣሁና እዚህ ሎጊያ ይቺን ቤት ከፈትኩ፣ ከድጃን ከእናቴ ወሰድኳት፣ ሠመራ ተማረች፣ ጎበዝ ነበረች፣ ግን ውጤቱ አልመጣላትም። ታዲያ አንድ ቀን «እማ፣ እኔም ልሂድ» አለችኝ። የት? «አንቺ የሄድሽበት።» እኔ የሄድኩት አንቺ እንዳትሄጂ ነው አልኳት። «ሎጊያ ምን አለ፣ እማ? ጎማና አቧራ» አለችኝ። አለቀሰች፣ አኮረፈች፣ እህል እምቢ አለች፣ እና በመጨረሻ እኔው ተሸነፍኩ። አንቺ ልጅ፣ አንቺም እህል እምቢ ብለሽ ነው ወይ? አይደለም። አንቺ የተላክሽበት የምትሄጂ ነሽ፣ አንቺን የምትልክሽ እናትሽ ናት። እሺ፣ ዝም በይ፣ አትመልሺልኝ።

ታዲያ ከመሄዷ በፊት እዚህ፣ አንቺ የተቀመጥሽበት ቦታ ላይ አስተማርኳት። ለአንቺ ላሳይሽ የተባልኩትን ሁሉ። በቀኝ ስኒ፣ በግራ ማንቆርቆሪያ፣ ከሥሩ ቅጂ፣ ቆመሽ ጠብቂ፣ እስኪወዘውዝ አትሂጂ። በባዶ ውሃ አለማምዳት ነበር። እኔ እንግዳ ሆኜ እቀመጣለሁ፣ «ያ ከድጃ፣ ቡና» እላታለሁ፣ እሷ ትስቃለች፣ አትሳቂ እላታለሁ፣ እዚያ ብትስቂ ትመቺያለሽ። ቡና እጇ ከገባ ቤቱ ይወዳታል፣ ከወደዳት አይመታትም፣ ይሄ ብቻ ነው ሐሳቤ። ወላሂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

ታዲያ ምን ሆነ፣ ጅዳ ያልነው ቤይሩት ሆነ። ኤጀንሲው ነው የቀየረው። ደወለችልኝ፣ «እማ፣ አዋረድሽኝ» አለችኝ። ምን ሆንሽ? «እንግዶች መጡ፣ ቡና ሰጠሁ፣ እና እስኪወዘውዙ ቆሜ ጠበቅኩ። ጠጡ፣ አልወዘወዙም። አወሩ፣ አልወዘወዙም። እኔ ቆሜያለሁ። ማዳም ‹ለምን ጭንቅላታችን ላይ ትቆሚያለሽ፣ ወሬ ታዳምጫለሽ ወይ?› ብላ ጮኸችብኝ።» ለካ ቤይሩት እንዲያ የለም። እነሱ አንዴ ሰጥተሽ ትሄጂያለሽ፣ ስኒውም ደህና ተደርጎ ነው የሚቀዳው፣ እኔ ያስተማርኳት ከሥሩ ብቻ ስትቀዳ «ይቺ ልጅ ቡናችንን ትቆጥብብናለች» አሉ። አየሽ? እኔ ዓለም ሁሉ ጅዳ መስሎኝ።

«እኔ ደግሞ የሱዳኖቹን አውቃለሁ» አለ ታደሰ፣ «ዝንጅብል ካልገባበት ቡና አይሉትም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ያለው ጸሐፊ ደግሞ በብርጭቆ ማሰሮ አፍልቶ ከላይ ወንፊቱን ይጫነዋል፣ ቁጭ ቁጭ እያደረገ፣ እንደ ጎማ መንፊያ። እና ለአንዱም ሳይሰጥ ብቻውን ይጠጣል።»

ብቻውን የሚጠጣማ ሞልቷል፣ ቆይ እነግርሃለሁ። አንቺ፣ ከሰሉ ተያይዟል፣ ያቺን ረጅም እጀታ ያላትን አምጪያት። እሷን። ራኩዌ ይሏታል፣ ከድጃ ናት በሰው የላከችልኝ። ውሃ አድርጊባትና ጣጃት።

ታዲያ ቤቱ ውስጥ አሮጊት አለች፣ የማዳም እናት፣ ቴታ ይሏታል፣ አያት ማለት ነው። የቤይሩትን ቡና ያስተማረቻት እሷ ናት። ውሃው በስኳር ይፈላል፣ አውርደሽ እንደ ዱቄት የላመ ቡና ከሄል ጋር ትጨምሪያለሽ፣ ታማስያለሽ፣ ትመልሽዋለሽ፣ አረፋው ብቅ ሲል ታወርጃለሽ፣ ደግሞ ትመልሽዋለሽ፣ ገንፍሎ አረፋው ከሞተ ግን ይደፋል። ተጠጥቶ ሲያልቅ «ዳይመ» ይላሉ፣ ሁሌም ይኑር፣ ከቤታችሁ አይጥፋ፣ እንደ ማለት ነው። ቴታ ዓይኗ ደክሟል፣ ግን በአፍንጫዋ ታውቃለች፣ ከሳሎን ሆና «ከድጃ፣ አረፋው» ትላለች፣ ከድጃ ዞር ስትል አረፋው ብቅ ብሏል። እንዲህ እየሆኑ ተዋደዱ። ጠዋት ማዳም ሥራ ስትሄድ ሁለቱ በረንዳ ላይ ከአንድ ራኩዌ ይጠጣሉ። ማዳም ሠራተኛ በቤት ስኒ እንድትጠጣ አትወድም፣ ታዲያ ቴታ ስኒውን ራሷ አጥባ ትመልሰው ነበር። ማየት ሳትችል።

እና ከድጃ ከዚያ በረንዳ ሆና በድምፅ ትልክልኝ ነበር። «እማ፣ ታች ያለችው ፊሊፒናዊት ቡናዋ በፓኬት ነው፣ ወተቱም ስኳሩም ቡናውም አንድ ላይ ደርቆ፣ ከሀገሯ ነው የሚላክላት፣ ቆማ ጭልጥ አድርጋው ወደ ሥራዋ ትሮጣለች።» ደግሞ ሌላ ቀን፣ «እማ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ቡና በሚዛን ይመዝናል። እንደ ወርቅ ነጋዴ። ወረቀት ላይ ያደርገዋል፣ ከአንገተ ረጅም ጀበና ውሃውን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርግበታል፣ ሰዓት ያያል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠጣል። ብቻውን።» ብቻውን? «ብቻውን፣ እማ። እና ከረጢቱ ላይ የሀገራችን ስም ተጽፏል፣ ከዚህ ይታየኛል።» ታዲያ አንቺ ከዚያ ሀገር እንደሆንሽ ያውቃል ወይ አልኳት። «አያየኝም እኮ፣ እማ» አለችኝ።

ታደሰ፣ ወደ መንገዱ ምን ታያለህ?

«እያዳመጥኩ ነዋ፣ እማማ። ያ ከረጢት እኮ በዚህ በር ፊት ነው ያለፈው። በኔ መኪና ይሆናል።»

ይሆናል። አንቺ፣ ውሃው ፈልቷል። አውርጃትና ቡናውን ጨምሪበት፣ ሁለት ማንኪያ፣ አሁን አማስዪ። እንዲያ።

ታዲያ ኮንትራቷ አለቀ። እኔ ቀን እየቆጠርኩ ነበር፣ ፍራሹን አሳድሼ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቼ። ማዳም «ትሄጃለሽ፣ ሌላ ሠራተኛ ትምጣ» አለች፣ እና ሌላ ሴት አመጡ፣ ቡና አፈላች፣ ለቴታ ሰጧት። ቴታ ቀመሰችና አስቀመጠችው። «ይሄ የማን ነው? ከድጃ የት ናት?» ሊያባብሏት ሞከሩ፣ እምቢ። መድኃኒቷን ደግሞ በቡና ነው የምትውጠው፣ እና መድኃኒቱንም እምቢ። ታዲያ ማዳም ያቺን ሴት መለሰችና ከድጃን «እናቴ እስክትሻላት ቆዪልኝ» አለቻት። ዘጠና ዓመት የሆናት ሰው ምን ይሻላታል? ፓስፖርቱ ደግሞ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አልመቷትም፣ አንዴም አልመቷትም። ወደዷት። እኔ የፈለግኩት ይሄንን አልነበረም ወይ? በወደዷት መጠን ቀረችብኝ።

እና ከረምኩ ከረምኩና አንድ ቀን ደውዬ፣ «አንቺ ከድጃ፣ ቡናውን አበላሺው» አልኳት። «እንዴት፣ እማ?» ጨው ጨምሪበት። «ጨውማ እኛም እናደርጋለን።» እኛ ቆንጠር ነው፣ አንቺ በማንኪያ አድርጊ፣ ስኳሩን ተዪው፣ ይገንፍል፣ አረፋውን ግደዪው። እጇ ተበላሽቷል ይበሉና ይልቀቁሽ። ይኸውልሽ፣ አረፋ እንዳይሞት ብዬ ያስተማርኩ ሰው አረፋ ግደዪ ብዬ አስተማርኩ። እሷም «እሺ» አለች፣ ድምፅዋ ደስ አላለኝም።

በማግስቱ አልደወለችም። ከዚያ ወዲያ ስትደውል፣ «አደረግሽው ወይ?» አልኳት። «አደረግኩት።» ታዲያ ምን አለች? «እማ፣ ቀመሰችው። ፊቷ ጭፍግግ አለ። ‹ይሄ ምንድን ነው፣ ከድጃ?› አለችኝ። እኔ መዋሸት አቃተኝ። መዋሸት አቃተኝና ‹እናቴ ናት በጨው የምትጠጣው› አልኳት።» ኋላስ? «‹እናትሽ?› አለች። ‹አዎ› አልኩ። ‹ዛሬ እናትሽ ናፍቃሻለች ማለት ነው› አለችና እስከ አተላው ጠጣችው፣ እማ፣ እያንገሸገሻት። ‹ዳይመ› አለች። ‹ነገም የእናትሽን አፍዪልኝ፣ ጨውን ግን ቀነስ አድርጊው› አለችኝ።» እና ከድጃ ስልኩ ላይ አለቀሰች፣ እኔም እዚህ ሆኜ አለቀስኩ። «እማ፣ ደግመሽ እንዲህ አድርጊ እንዳትይኝ» አለችኝ። አላልኳትም።

«ወይ ሴትዮ» አለ ታደሰ። «ምን ዓይነት ሴት ናት።»

ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር፣ ታደሰ። ክፉ ብትሆን እረግማት ነበር።

አንቺ ልጅ፣ አረፋው። አየሽው? እንዲያ ነው፣ አወረድሽው። ሳልነግርሽ አወረድሽው። ማን አሳየሽ? እሺ፣ ትንሽ ቆይተሽ መልሻት።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ቴታ ሞተች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በቪዲዮ ደወለችልኝ ከድጃ፣ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ። ምን እልሻለሁ፣ ልጄ፣ አፌ «ነፍስ ይማር» እያለ ልቤ ፍራሹን እያነጠፈ ነበር። ከሰው ሞት ደስታ ሲመጣብሽ ምን እንደሚመስል አላህ አያሳይሽ። ወተት የምታመጣልኝ አፋሪቱ ጎረቤቴ በር ላይ ስታገኘኝ «ዛሬ ፊትሽ ሌላ ነው» አለችኝ፣ ልጄ ልትመጣ ነው አልኳት፣ እና እነሱ ወሬ በዳጉ ነው የሚቀባበሉት፣ ከሰዓት በኋላ ሎጊያ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይለኝ ጀመር።

የለቅሶ ቡናቸው ያለ ስኳር ነው። መራራውን ነው የሚሰጡት፣ ሄሉም ይቀራል፣ እና የጠጣ ሰው ዳይመ አይልም፣ ስኒውን ዝም ብሎ አስቀምጦ ይሄዳል። ለቅሶ ሁሌም ይኑር ይባላል ወይ? ታዲያ ከድጃ ያንን ሁሉ ለቀስተኛ ስታስተናግድ ሰነበተች። አፈላች፣ ቀዳች፣ አጠበች፣ እንደገና አፈላች። ሲያልቅ ደወለች፣ እኔ መቼ ነው ትኬቱ ልላት አፌን ስከፍት፣ «እማ፣ የማዳም እህት ልትወስደኝ ነው» አለችኝ።

ለምን? «ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ‹ይሄን ቡና ማን አፈላው› ይል ነበር። የማዳም እህት ሰማች። ‹እናታችን የወደደቻት ልጅ ከቤታችን አትወጣም፣ ቡናዋን እኔ ቤት ታፈላለች› አለች። ፓስፖርቴ ወደ እሷ ሄደ፣ እማ።»

ያኔ ተናደድኩ። በልጄ ላይ ተናደድኩ፣ ወላሂ፣ «አንቺ፣ በዚያ ለቅሶ ለምን አላበላሸሽውም? ስኳር የሌለው ቡና እኮ ነው፣ ማበላሸት ምን ያቅታል?» አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ።

«እማ፣ ለቴታ እኮ ነው» አለችኝ። «ለእሷ ለቅሶ እንዴት አበላሻለሁ?»

ይኸው። ይህን ብላኝ ዘጋችው። አሁን እህትየዋ ቤት ናት፣ ሰፊ ቤት ነው አሉ፣ እንግዳ የሚበዛበት፣ አይመቷትም። አንዳንድ ጊዜ በድምፅ ትልክልኛለች፣ ያ ሚዛን ያለው ሰውዬ ከዚህ አይታየኝም ትለኛለች፣ በረንዳው ወደ ግድግዳ ነው የሚያየው ትለኛለች። መቼ ትመጫለሽ አልላትም አሁን። እሷም ሳልጠይቃት ትመልስልኛለች፣ «ኢንሻአላህ፣ እማ።» ፍራሹ እዚያ ጥግ ነው፣ የሸፈንኩበትን ላስቲክ አልገፈፍኩትም።

እና እናትሽ የላከችሽ ይሄን እንዳስተምርሽ ነው። ጥሩ አፍዪ እንዳልልሽ፣ ጥሩ ያፈላችው የት እንዳለች ነገርኩሽ። መጥፎ አፍዪ እንዳልልሽ፣ እኔ ስቆነጠጥ ያየሁት አለ፣ ሌላዋ ከዚያ የባሰ ያየች አለች። እኔ ምን እንደማስተምርሽ አላውቅም። እስቲ ቅጂው። ለታደሰ ስጪው፣ ከጠዋት ጀምሮ የሚያላዝን እሱ ነው።

ታደሰ ስኒውን ከእኔ፣ ከልጅቷ እጅ ተቀበለ፣ እፍ አለበት፣ አንዴ ፉት አለና ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ፣ ይቺ ልጅ እኮ—»

«ዝም በል» አሉት እማማ ሐዋ። «አርሯል በል።»

«ምን?»

«አርሯል በል፣ ታደሰ። እናቷ ስትመጣ ምስክር ነህ።»

ታደሰ ስኒውን አየ፣ እሳቸውን አየ። «አርሯል» አለ። «ይመራል። ጋራዥ ያለው የተቃጠለ ዘይት ይሻላል።»

«አንቺስ?» አሉኝ። «እናትሽ ስትጠይቅሽ አንቺስ ምን ትያለሽ? ለአንድ ቀን እንኳ አፍ ይኑርሽ።»

«ቡና ማፍላት አልችልም፣ እማማ» አልኩ። «ብማርም አልሆነልኝም።»

እማማ ሐዋ ሳቁ። ብዙም አልሳቁ፣ ወደ ፍራሹ ዞረው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉት። ታደሰ ያረረውን ቡና እስከ አተላው ጠጣና ስኒውን እንደገና ዘረጋልኝ።